የጤናዬ ድምፅ እና መልስ የሚሰጠው ክፍል

ጂንካ ውስጥ «ጤናዬ» ብሎ የጠራ ሰው «የትኛዋ?» ተብሎ አይጠየቅም። ከተማው ውስጥ ሌሎች ጤናዬዎች የሉም ማለቴ አይደለም፤ የነሱን ድምፅ ግን ሰው ሁሉ አያውቀውም። የእሷን ያውቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ በእጅ የሚያዝ ድምፅ ማጉያ አንግታ ከመናኸሪያ እስከ ቅዳሜ ገበያ እየዞረች «ነገ የፖሊዮ ክትባት አለ፣ እናቶች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ!» ስትል የኖረች ሴት ናት። አማርኛውን ስትጨርስ በአሪኛ ትደግመዋለች፤ ከዚያ ለአባቷ አገር ሰዎች በጎፍኛ። ፍየል የጠፋበት ሰው ሌላ ቦታ ከመሄዱ በፊት እሷ ጋ ይመጣ ነበር። «ጥቁር፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ ጠባይዋ የከፋ ፍየል ያየ!» ብላ ስታውጅ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠባይዋን የጨመረችው ራሷ ናት።

አባቷ ከሳውላ በኩል ለቀን ሥራ መጥቶ ከጂንካ በላይ ባለችው ገዘር የቀረ ግንበኛ ነበር። እሷም እዚያው ደጋው ላይ ተወልዳ አደገች። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። «የተማርኩት በአማርኛ ነው፣ ቁጣ የሰማሁት በጎፍኛ ነው፣ የተጫወትኩት ግን በአሪኛ ነው» ትላለች። ጨዋታውን ያስተማሯት ጎረቤታቸው ኤርጎ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። የእሳቸው ተረት መሃሉ ላይ ሁልጊዜ ዘፈን አለው። እሳቸው ያወጣሉ፣ አድማጩ ይቀበላል። ካልተቀበለ ተረቱ እዚያው ይቆማል፤ ጅቡም እንደተራበ፣ ጥንቸሏም እንደተደበቀች ይቀራሉ።

ጤናዬ ከአናጺው ከዳርጌ ጋር ትዳር ይዛ ጂንካ ከገባች በኋላም እነዚህን ተረቶች አልረሳችም። በ2014 መጨረሻ «የልጆች ጆሮ» የሚባል ፕሮጀክት በየቋንቋው ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ተረት የሚቀርጽ ሰው ይፈልጋል የሚል ወሬ ሰማች። አመለከተችም። ሃያ ተረት በአሪኛ፣ ተራኪዋ እሷ፣ ዘፈኑን የሚያወጡት አባባ ኤርጎ ሆነው ተስማሙ። መቅረጫ ቦታውን ቤታችሁ አዘጋጁ አሏቸው።

ቤት ውስጥ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ነበረ። አንድ መምህር ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ዳርጌ አልጋ ሠርቶለት በምትኩ ያገኘው ነው። ማይኩ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን አዲስ ሲገዙ የተዉት፣ ጭንቅላቱ የተቀጠቀጠ በእጅ የሚያዝ ማይክ ነበር። ተገኝ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ፈልጎ አመጣላትና ነፃ የመቅረጫ ፕሮግራም ጫነላት። ቦታ ስትፈልግ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የእህል ክፍል መረጠች፤ ከመንገድ ይርቃል፣ መስኮት የለውም፣ ዶሮም አይገባበትም።

መስከረም ላይ ዳርጌ ማይኩን በእንጨት ላይ አሰረላት፣ እሷ አንዱ ጆንያ ላይ፣ አባባ ኤርጎ ሌላው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጀመሩ። እስከ ኅዳር መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን አሥር ተረቶች ቀርጸው ላኩ። ከፕሮጀክቱ ቢሮ ወይዘሮ ሰናይት የምትባል ኃላፊ ደውላ «ድምፁ በጣም ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» አለች። ጤናዬ ያን ቀን ስልኩን ዘግታ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እንደጨፈረች ዳርጌ ለሰፈሩ ሁሉ ነግሯል።

ከጥር እስከ የካቲት ቀሪዎቹን አሥር ቀረጹና ላኩ። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሰናይት እንደገና ደወለች።

«ወይዘሮ ጤናዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሁለተኛው ዙር ኳሊቲው ወርዷል።»

«እንዴት ወረደ? ሰዎቹ እኛው፣ ማይኩ ያው!»

«ኢኮ አለው። ጉድጓድ ውስጥ ሆናችሁ የምታወሩ ነው የሚመስለው። ደግሞ ከሥሩ እንደ ንብ የሚጮህ ነገር አለ። ክፍል ውስጥ ልጆች አይሰሙትም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«በሁለት ሳምንት አስተካክላችሁ ከላካችሁ እሰየው። ካልሆነ ግን ሃያውንም አርባ ምንጭ ስቱዲዮ አስገብተን፣ በሌላ አንባቢ፣ ዘፈኑንም በወጣቶች ለማሠራት ነው የተወሰነው። ሁለት ዓይነት ድምፅ ማደባለቅ አንችልም።»

ሃያውንም! የተመሰገኑት አሥሩም አብረው ሊጠፉ ነው። አባባ ኤርጎ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ከገዘር ጂንካ በሚኒባስ ሲወርዱ እንኳ ከመኪናው ወርደው ግማሽ ሰዓት ድንጋይ ላይ ሳይቀመጡ ቃል አይወጣቸውም። አርባ ምንጭ ድረስ አይታሰብም። ጤናዬ የፈራችው የራሷ ስም መቅረቱን ብቻ አልነበረም። «እነዚያን ዘፈኖች የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም» አለችኝ። «በወጣት ይዘፈናሉ አለችኝ። ወጣቱ ከማን ሰምቶ?»

ተገኝን ጠራችው። ተገኝ ኮምፒውተር ሲጠግን እንደ ሐኪም ቤት ነው፤ መጀመሪያ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመው?» ብሎ ይጠይቃል። ሄድፎኑን ጆሮው ላይ ደፍቶ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«እትዬ፣ ሁለት በሽታ ነው ያለብሽ። ንቡ ለብቻው ነው፣ ጉድጓዱ ለብቻው ነው።»

«የሚድነውን መጀመሪያ አድንላት» አለ ዳርጌ ከበሩ።

ተገኝ ላፕቶፑ መቅረጽ እንደጀመረ ቻርጀሩን ከሶኬት ነቀለ። ንቡ ጸጥ አለ። ሰካው፣ ጮኸ። ነቀለው፣ ጸጥ። ጤናዬ በእጇ አፏን ያዘች።

«የዚህ ቤት መብራት መሬት የገባ ሽቦ የለውም» አላት። «ጩኸቱ በቻርጀሩ በኩል ነው የሚመጣው። ስትቀርጺ በባትሪ ብቻ ቅረጪ።»

«መስከረም ላይ ለምን አልጮኸም?»

«ያኔስ ሰክተሽ ነበር?»

አስታወሰች። መስከረም ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሦስት ሳምንት መብራት አልነበረም። ላፕቶፑን ተገኝ ሱቅ በጄኔሬተር እያስሞላች በባትሪ ነበር የቀረጸችው። ከዚያ በኋላ ያለውንም እስከ ኅዳር አስቀድማ ሞልታ፣ ነቅላ ነበር የቀረጸችው፤ ከጥር ወዲህ ግን ባትሪው አርጅቶ ሃምሳ ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ሁሌ ሰክታ ነበር። «መብራት ሲጠፋ የተማረርኩትን ሁሉ ጌታ ይቅር ይበለኝ» አለች።

አንዱ በሽታ ተነቀለ። ሁለተኛው ግን እንኳን ሊነቀል፣ ተገኝን ራሱን ግራ አጋባው። በመጀመሪያ የጠረጠረው ኮምፒውተሩ በማይኩ ፈንታ በራሱ ውስጥ ባለችው ትንሽ ማይክ እየቀረጸ እንደሆነ ነው፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይሸወዳል አለ። «ማይኩን በጣትሽ መታ መታ አድርጊ። አሁን ላፕቶፑን።» ማይኩ ሲመታ ሄድፎኑ ውስጥ እንደ ከበሮ ጮኸ፤ ላፕቶፑ ሲመታ ምንም። ስለዚህ እሱ አይደለም። ገመዱን ቀየረ፤ ያው ነው። የፕሮግራሙን ሴቲንግ ወደ መጀመሪያው መለሰ፤ ያው ነው። የማይኩን ድምፅ በጣም ከፍ አድርጋው እንደሆነ አይቶ ቀነሰው፣ እሷን ወደ ማይኩ አንድ ስንዝር ያህል አስጠጋት፤ ትንሽ ተሻለ፣ ጉድጓዱ ግን እዚያው ነው።

«ማይኩ አርጅቷል» አለ በመጨረሻ። «እቃ ነው የሚያስፈልግሽ እትዬ። አንድ ደንበኛዬ ያመጣው ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ትልቅ ማይክ አለ። ሞክሪው፣ ከወደድሽው ትይዢዋለሽ።»

ማይኩ መጣ። የሚያብረቀርቅ፣ የራሱ መቆሚያ ያለው፣ ሲሰካ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ። ዳርጌ ዙሪያውን ዞሮ አየው፣ እንደ ሙሽራ አደነቀው። አንድ ተረት ቀረጹና አዳመጡ። የጎረቤት አውራ ዶሮ አለ። ሁለት ቤት ርቆ ያለ ወፍጮ አለ። ባጃጅ አለ። አጥር ማዶ ሁለት ሴቶች ስለ አንዲት ምራት የሚያወሩት ቃል በቃል አለ። ጉድጓዱ ደግሞ የበፊቱ እጥፍ ሆኗል።

«ይሄ ማይክ አይደለም» አለ ዳርጌ፣ «ይሄ ሰላይ ነው!»

«ጥራት አለው እኮ፣ ሁሉንም ይሰማል» አለ ተገኝ አፍሮ።

«ሁሉን የሚሰማ ሰው ጥራት አለው እንዴ? ሐሜተኛ ነው እንጂ።»

ተገኝም ሳቀ፤ ግን ነገሩ ገብቶታል። እንዲህ ያለ ማይክ ግድግዳው ለተደፈነ ስቱዲዮ ነው የሚሆነው። ቆርቆሮ ጣራና ጎረቤት ላለበት ቤት የተቀጠቀጠው አሮጌ ማይክ ይሻላል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን እንጂ ሌላውን አይሰማም። አዲሱን በካርቶኑ መለሰው። «እኔ እቃ ነው የማውቀው እትዬ» አላት። «ይሄ ግን የእቃ ነገር አልመሰለኝም።» የእቃ ሻጭ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም።

ብርድ ልብስ ሰቀሉ። ጥቂት ተሻለ፤ ቤት ውስጥ ያሉት ብርድ ልብሶች ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከአራቱ ግድግዳ አንዱን እንኳ አልሸፈኑም። ከሁለቱ ሳምንት ስምንት ቀን አለቀ። መጋቢት ነውና ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣራው ላይ መደብደብ ጀምሯል፤ የቀራቸው ጠዋት ጠዋቱ ብቻ ነው።

በዘጠነኛው ቀን አባባ ኤርጎ ከገዘር ወረዱ። ጤናዬ ነገሩን ስታስረዳቸው ሰሙና ወደ ክፍሉ ገቡ። መሃሉ ላይ ቆመው አንዱን ዘፈን ጀመሩ። በአንዴ አቆሙት።

«ልጄ፣ ይህ ቤት ድሮ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር» አሏት በአሪኛ። «አሁን ይመልሳል።»

«ምኑ ነው የሚመልሰው አባባ?»

አባባ ኤርጎ ዙሪያቸውን አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሰው ቤት እህል አይተው አስተያየት የሚሰጡ ሰው አይደሉም፤ ሰው ቤት ገብተው ጆንያ ቢያዩም እንዳላዩ ሆነው ነው የሚያልፉት። ለዚህ ነው ከጥር ጀምሮ እያዩ አፋቸውን የያዙት።

«ልጠይቅሽ ነውር ነው» አሉ። «ግን ያ ተቀምጬበት የነበረው የት ሄደ?»

ጤናዬ ግድግዳውን አየች። ጭቃው ላይ ከራሷ በላይ ድረስ፣ ጆንያ ተደርድሮ የኖረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። መስከረም ላይ ይህ ክፍል ከበልግ በገባ በቆሎ ሦስት ወገኑ እስከ ጣራው ቅርብ ድረስ የተሞላ ነበር። ኅዳር ላይ ጥቂቱ ተሸጠ፣ ታኅሣሥ ላይ ብዙው ተሸጠ፣ የቀረው ተበላ። አሁን ሁለት ጆንያ ጥግ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ማይክ ሲመረምሩ፣ ገመድ ሲቀይሩ፣ ኮምፒውተር ሲያክሙ፣ ከክፍሉ ውስጥ የወጣውን ማንም አላሰበም። እህል ለመብል እንጂ ለጆሮ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ሮጣ ላፕቶፑን ከፈተች። ሃያውንም ተረት ከመጀመሪያው ጀምራ በተራ፣ የእያንዳንዱን መግቢያ ብቻ አዳመጠች። የመስከረሙ ድምፅ ሙሉ ነው። የጥቅምቱም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከቃሉ ኋላ ትንሽ ጭራ ይቀራል፤ እሷም ሰናይትም ያኔ አላስተዋሉትም። ጥር ላይ ጭራው ረዝሟል። የካቲት ላይ ጉድጓድ ነው።

«ዳርጌ!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም። «በቆሎው እኮ ነው! በቆሎው ሲወጣ በየወሩ ተቀርጿል!»

ዳርጌ መጋዙን እንደያዘ መጣ። ሄድፎኑን አደረገችለት። አዳመጠ፣ ባዶውን ግድግዳ አየ፣ ሚስቱን አየ።

«እና አሁን በመጋቢት በቆሎ ከየት ላምጣልሽ? ሰው ዘር እየዘራ ነው፣ እህል ያለው ሰው የለም።»

እውነቱን ነው። በዚያ ወቅት ሰላሳ አርባ ጆንያ እህል የሚያበድር ጎረቤት ጂንካ ውስጥ አይገኝም። ጤናዬ ባዶዎቹን ጆንያዎች አነሳች፣ ተጣጥፈው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ዳርጌን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ሸሚዙ ሁሉ በሰጋቱራ ቢጫ ሆኗል።

«ምን ታይኛለሽ?»

«ያ ከመላጊያህ ሥር በየቀኑ ጠርገህ የምትጥለው፣ ጆንያ ይሞላል?»

«ሰጋቱራ?» አለ ዳርጌ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። «ሃያ ዓመት ስጥለው የኖርኩት!»

ያን ቀንና ማግስቱን ዳርጌ ጋሪ ተውሶ ከተማው ውስጥ ያሉትን አናጺዎች ሁሉ አዳረሰ። አንዱ «ዳርጌ፣ ሰጋቱራ መብላት ጀመርክ እንዴ?» አለው። «ሚስቴ ናት፣ ጆሮዋ ርቦት ነው» ብሎ መለሰለት። አርባ ሁለት ጆንያ ሞሉ። መስከረም ላይ በቆሎው እንደነበረው ሦስቱን ወገን ደረደሩት፣ ከኋላቸው ደግሞ ሁለቱን ብርድ ልብሶች ሰቀሉ። ተገኝም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ተሸከመ።

ተርፎ የቀረው አንድ ችግር ብናኙ ነበር። አባባ ኤርጎ በመጀመሪያው ዘፈን መሃል አስነጠሱ፤ በሁለተኛውም። ጤናዬ አንሶላዎቿን ሁሉ አምጥታ ጆንያዎቹን አለበሰቻቸው፤ ወለሉን ውሃ ረጨችበት። ከዚያ በኋላ ማስነጠስ ቀረ።

«አጨብጭቢ» አላት ተገኝ።

አጨበጨበች። ድምፁ እጇ ላይ ወጥቶ እጇ ላይ ቀረ። ክፍሉ ዝም አለ።

«በእመቤቴ!» አለ ተገኝ።

ሥራው እንዲህ ሆነ፦ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ዝናብም ወፍጮም ሳይነሳ፣ ቻርጀሩን ነቅለው ሃምሳ ደቂቃ ይቀርጻሉ። ባትሪው ሲያልቅ እስኪሞላ ድረስ አባባ ኤርጎ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጤናዬ ማይኩን ከአፏ አንድ ስንዝር አርቃ፣ ትንፋሿ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን አዙራ ታቆማለች። ሜዳ ላይ የኖረ ድምፅ ነውና መጀመሪያ ላይ ትጮህ ነበር። ዳርጌ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ታች ያደርግላታል፤ ፍየል አልጠፋም፣ ቀስ በይ ማለቱ ነው። ዘፈኑ ሲደርስ ደግሞ ተቀባይ ያስፈልጋል። ዳርጌና ተገኝ ከኋላ ሆነው ተቀበሉ። ተገኝ አሪኛ አይችልም፤ ቃሉን አባባ ኤርጎ አስጠኑት። ሦስት ጊዜ አስቆሙት። «እሱ አፉ እንጂ ልቡ አልተቀበለም» አሉ። በአራተኛው አለፈ፤ ተገኝ በዚህ እስከ ዛሬ ይኮራል።

በአራት ቀን አሥሩንም ጨረሱ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የመጨረሻው ተረት የመጨረሻው ቃል ወጣ፣ ጤናዬ መቅረጫውን አቆመች፣ ወዲያው ዝናቡ ጣራውን መታው። አራቱም ክፍሉ ውስጥ ተሳሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ተሰማ አልተሰማ ማንም አላወቀም።

ፋይሎቹን ተገኝ ሱቅ ሄዳ ላከች። ቀነ ገደቡ የሚያልፈው የዚያኑ ዕለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰናይት ደወለች።

«ወይዘሮ ጤናዬ፣ ስቱዲዮ ተከራዩ እንዴ?»

«አዎ፣ የባለቤቴ ነው።»

«ባለቤትዎ ስቱዲዮ አላቸው?»

«አናጺ ነው።» ሳቋን መያዝ አቃታትና ሁሉንም ነገረቻት። ሰናይትም «ይህን ለሌሎቹም ቀራጮች እንነግራለን» አለች። «ሃያውም ተቀባይነት አግኝቷል። የአርባ ምንጩ ተሰርዟል። ደግሞ... የበና እና የፀማይ ቋንቋ ተራኪዎች ቅርብ ቦታ አጥተው ነበርና እርስዎ ጋ መጥተው ቢቀርጹ ይፈቅዳሉ?»

ጤናዬ ሳታቅማማ «ይምጡ» አለች። በማግስቱ የተገኝን አሮጌ ሄድፎን ለእንግዶች ወሰደችው፤ ዳርጌም ለክፍሉ አዲስ በር መሥራት ጀመረ።

በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ተረቶቹ ገዘር ትምህርት ቤት ደረሱ። ጤናዬ አብራ ሄደች፤ አባባ ኤርጎ ከቤታቸው በምርኩዝ መጥተው ከክፍሉ በር አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። መምህሯ ድምፅ ማጫወቻውን ከፈተች። የጤናዬ ድምፅ ተረቱን ጀመረ። ዘፈኑ ሲደርስ የሽማግሌው ድምፅ አወጣ፤ ሕፃናቱ ማንም ሳይነግራቸው ተቀበሉ፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ።

አባባ ኤርጎ ከወንበራቸው ተነሱ። «አልሰማሁም!» አሉ በአሪኛ። ልጆቹ እየሳቁ ደገሙት፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ጤናዬ እጇን ወደ ማጫወቻው ዘረጋችና ድምፁን ቀስ አድርጋ ቀነሰችው፤ ቀጣዩን ስንኝ ሰውየው ራሳቸው አወጡት።